ዋኔን የሚጠራት የሱፍ አበባው ነው ወይስ መሬቱ?
(ለሳይንስና ለእርሻ ትምህርት የሚረዳ ዝግጅት)

ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ከአፋችን የማይጠፋ አንድ ሮሮ አለ፤ «የማስተማሪያ መሣሪያ የለም» እንላለን። እውነት ነው፣ ብዙ ነገር ይጎድላል። ነገር ግን የወፍ ሥዕል ፍለጋ ከመድከማችን በፊት ወፊቱን ራሷን ወደ ግቢው መጥራት እንችላለን። ለዚህም አንድ ጣሳ የሱፍ አበባ ዘር፣ ትንሽ መሬትና ትዕግሥት ይበቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዋኔን ወደ ትምህርት ቤት አትክልት ቦታ እንዴት እንደምናመጣና ከመጣች በኋላ ምን እንደምናስተምርባት ማሳየት ነው።

1. ስለ ተክሉ

በቅድሚያ የስም ነገር እናጥራ። የሱፍ አበባ ስንል ለጾም ፍትፍት የምትሆነውን እሾሃማዋን ሱፍ ማለታችን አይደለም፤ ያቺ ሌላ ተክል ናት። የምንናገረው በረጅም አገዳ ላይ ሰፊ ቢጫ አበባ ስለሚያወጣው ነው። የትውልድ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ሲሆን፣ የዚያ ምድር ነባር ሕዝቦች ከ4000 ዓመት በፊት አልምተውታል። ወደ አውሮፓ የተሻገረው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው።

2. አዘራር

ዝናቡ ሲይዝ፣ ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ እንዝራ። በመስመርና በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። በየጉድጓዱ 2 ፍሬ ተጥሎ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አፈር ይለብሳል። ዘሩ ከላይ ከቀረ ዋኔ ራሷ ትለቅመዋለችና አፈር ማልበሱ እንደ ቀላል አይታይ። ሲበቅል ደካማው ተነቅሎ ብርቱው ይቀራል። ክረምቱን በአቅራቢያ የሚኖሩ ተማሪዎች ተራ ገብተው ያርማሉ። እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ጠባይ ከ3 እስከ 4 ወር ይፈጃል፤ በደጋ ሊዘገይ ይችላል። የአበባው ጀርባ ቢጫ፣ ቀጥሎም ቡናማ ሲሆን ዘሩ ደርሷል ማለት ነው።

3. ዋኔ ለምን ትመጣለች?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ዋኔን የሚጠራት የአበባው ቢጫነት ይመስለዋል። ዋኔ ግን አበባ አትፈልግም፤ የምትፈልገው የረገፈ ዘር ነው። ያውም የትም የረገፈውን አይደለም።

«ዶሮ ጭራ ጭራ፣ አወጣች ካራ» ይባላል። ዶሮ በጠንካራ እግሯ ገለባውንና አፈሩን ገልብጣ የተደበቀውን ታወጣለች። ዋኔ ግን እግሯ አጭርና ደካማ ስለሆነ አትጭርም። ዓይኗ ያየውን ብቻ በመንቁሯ ትለቅማለች። ስለዚህ ዘሩ በአረም ወይም በገለባ ከተሸፈነ ለእሷ እንደሌለ ይቆጠራል። በዚያም ላይ ሣር በበዛበት ቦታ ጠላቷን አሻግራ ማየት አትችልም። እንግዲህ ዋኔን የሚጠራት ከአበባው ሥር ያለው የጸዳ መሬት ነው።

ይህን በደንብ የተረዱት በአሜሪካ የዋኔ ዘመድ የሆነችውን ወፍ የሚያድኑ ሰዎች ናቸው። የአደኑ ወቅት እዚያ የሚከፈተው ቢቀድም በመስከረም 1 ቀን (በፈረንጆች አቆጣጠር) ስለሆነ፣ የሱፍ አበባውን በጸደይ ይዘሩና ሲደርስ ከመስመሮቹ አንዳንዱን አጭደው ዘሩ በጸዳው መሬት ላይ እንዲረግፍ ያደርጋሉ። በ1918 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በወጣው የፍላሽ ወፎች ሕግ ሥር ባሉት ደንቦች መሠረት፣ ከሌላ ቦታ እህል አምጥቶ በትኖ በዚያ ላይ ማደን ክልክል ነው፤ እዚያው የበቀለውን አጭዶ ማርገፍ ግን ይፈቀዳል። እኛ ከእነሱ የምንወስደው የመሬቱን አያያዝ ነው እንጂ ጠመንጃውን አይደለም።

4. የክፍል ሙከራ

ተማሪዎች ይህን ከመምህሩ አፍ መስማት የለባቸውም፤ ራሳቸው ያግኙት። አበባው ሲደርስ መሬቱ እኩል ለሁለት ይከፈል። አንደኛው ክፍል አረሙና ገለባው ይጠረግ፤ ሁለተኛው እንዳለ ይተው። በሁለቱም ላይ ከእያንዳንዳቸው እኩል ቁጥር ያላቸው አበቦች ተመትተው ዘራቸው ይርገፍ። ለ10 ቀን፣ ጧት በአንድ ዓይነት ሰዓት፣ ሁለት ሁለት ተማሪዎች ራቅ ብለው ተቀምጠው በየክፍሉ ያረፉትን ዋኔዎች ይቁጠሩና በሠንጠረዥ ይመዝግቡ። የሒሳብ መምህሩ አማካዩን ያሠራበታል።

ሲቆጥሩም ይህን ያስተውሉ፦

ሀ. ዋኔ ዘሩን ፈልፍላ ነው የምትበላው ወይስ ከነቅርፊቱ ትውጣለች? (ትውጣለች፤ በአንገቷ ሥር ባለው ከረጢት ታጠራቅምና በጨጓራዋ ውስጥ ከዋጠችው ጠጠር ጋር ትፈጨዋለች።)

ለ. ውሃ በጣሳ ቢቀመጥላት እንዴት ትጠጣለች? (ዶሮ ጎንጨት ብላ ራሷን ወደ ላይ ታቀናለች፤ ዋኔ ግን መንቁሯን ነክራ ትመጣለች።)

5. ገበሬው ምን ይላል?

ይህ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። «እኛ ወፍ ስናባርር እናንተ ትጠራላችሁ?» የሚል አባት ቢመጣ መልስ ሊኖረን ይገባል። ግሪሳ በመንጋ መጥቶ ያልታጨደውን ማሽላ ከራሱ ላይ ይበላል። ዋኔ ግን በአብዛኛው የምትለቅመው የረገፈውን እህልና የአረም ዘር ነው። ሆኖም ፈጽማ አትጎዳም ማለት ውሸት ይሆናል፤ አዲስ የተዘራና ያልተሸፈነ ዘር ትለቅማለች፣ አልፎ አልፎም በደረሰ አበባ ላይ ቆማ ትበላለች። ስለዚህ ጎረቤት ዘር በሚዘራበት ሰሞን በትምህርት ቤቱ መሬት ላይ ዘር አናራግፍ። ለሙከራው ከሚያስፈልገው በላይ ያለውንም ቶሎ አጭደን እናስገባ።

6. ማጠቃለያ

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። የሱፍ አበባችን በሚደርስበት በጥቅምትና በኅዳር፣ ስም ስንጠራ «የለም» የሚባሉ ልጆች ይበዛሉ። ከእነሱ ብዙዎቹ ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ናቸው። የትኛው ወፍ ከየት እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚያርፍ፣ የቱ ከእሸቱ የቱ ከመሬት እንደሚበላ ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። እንዲህ ያለው ልጅ ወደ ክፍል ሲመለስ በመቅረቱ ብቻ አንቆጣው። ከሠንጠረዡ ፊት እናቁመውና ያየውን ለጓደኞቹ ይንገር። ያን ቀን ትምህርቱ የሱም እንደሆነ ያውቃል፤ በማግሥቱም ለመምጣት ምክንያት ይኖረዋል።

ለውይይት፦ 10 ሜትር በ10 ሜትር በሆነ መሬት ላይ ከላይ በተሰጠው ርቀት ስንት ተክል ይተከላል? መልሱን ለግድግዳ ጋዜጣው ክፍል አቅርቡ።