የኔትወርክ በረኛ ሲሳሳት ነጋዴው ምን ያድርግ?

በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ፣ አንዳንድ ደንበኞች በሒሳባቸው ያልነበረ ገንዘብ ማውጣታቸው የሚታወስ ነው። ባንኩም ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ የመጣ እንጂ የውጭ ጥቃት አለመሆኑን አስታውቋል። እንግዲህ ጉዳት ከሌባ ብቻ ሳይሆን ከገዛ መሣሪያም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህም ዛሬ ስለ ኔትወርክ መግቢያ መቆጣጠሪያ መሣሪያ ጥቂት እንገልጻለን።

ይህ መሣሪያ በረኛ ማለት ነው። በደሴ ፒያሳ ያለ ሱቅ ከኮምቦልቻ መጋዘኑ ጋር በአንድ ኔትወርክ ቢገናኝ፣ ለመግባት የሚፈልገውን ኮምፒዩተር፣ ስልክና ማተሚያ ማንነቱን ጠይቆ የታወቀውን ያስገባል፤ ያልታወቀውን ይመልሳል። ይሁን እንጂ የሚሠራው በሶፍትዌር ስለሆነ ይሳሳታል። ሠሪዎቹም የታወቁትን ጉድለቶች ከነጊዜያዊ መላቸው ዘርዝረው ያወጣሉ። ባለሙያው ማሻሻያ ከመጫኑ በፊት ይህን ዝርዝር ማንበብ ይገባዋል።

ዘወትር የሚያጋጥሙት ችግሮች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2020 ወዲህ የአይፎን ስልኮች እውነተኛውን የማክ አድራሻቸውን ሰውረው ለየኔትወርኩ ሌላ ያቀርባሉ። በዚህ ጊዜ በረኛው የመዘገበውን ስልክ አላውቅህም ይለዋል። መላው፣ በድርጅቱ ኔትወርክ ላይ ብቻ ይህን ልማድ ከስልኩ ማጥፋት ነው።

ሁለተኛ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የመሣሪያው ሰዓት ከተዛባ፣ የሠራተኛው ሠርተፊኬት ጊዜው ያለፈ ወይም ገና ያልደረሰ ይመስለዋል። ስለዚህ ሌላውን ከመነካካት በፊት ሰዓቱን መመልከት ነው።

ሦስተኛ፤ አንዳንድ ማተሚያዎች ሠርተፊኬት ማቅረብ አይችሉም። እነዚህን በማክ አድራሻቸው መዝግቦ ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን አድራሻ ሊኮረጅ ስለሚችል ወደ ሒሳብ መዝገብ እንዳይደርሱ በተለየ ክፍል መወሰን ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ገበያ በሞቀበት ሰዓት በረኛው ሲያስቸግር መቆጣጠሪያውን ጨርሶ መዝጋት ነው። የዕለቱ ሽያጭ ይድናል፤ ነገር ግን የደንበኞች ዕዳ፣ የዕቃ ዋጋና የባንክ ምሥጢር ለመንገደኛ ሁሉ ይጋለጣል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ ነው። ጊዜያዊ መላ ሲወሰድ ለተቸገረው ዕቃ ብቻ ይሁን፤ የፈቀደው ሰው ስም በመዝገብ ይጻፍ፤ የሚያበቃበትም ቀን ይቆረጥለት።

መላ የሌለው ጉድለትም አለ። ሲስኮ የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2025 በመግቢያ መቆጣጠሪያው ላይ፣ የይለፍ ቃል የሌለው ሰው ከሩቅ ሆኖ ሙሉ ሥልጣን ሊይዝ የሚችልበትን ጉድለት ገልጾ ነበር። መድኃኒቱም የታረመውን ሶፍትዌር መጫን ብቻ መሆኑን አስታውቋል።

ስለዚህ ነጋዴው ባለሙያውን “ሠራ ወይ?” ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ “በምን መላ ሠራ? እስከ መቼስ?” ብሎ ይጠይቅ። ሱቁን በድጋፍ ያቆመ ሰው ምሰሶውን መተካት መርሳት የለበትም።