ገበያው ሲወርድ አክሲዮን ለመምረጥ፦ ከዋጋው በፊት የዕዳውን ቀን እዩ

የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ሲወርድ ሁሉም ነገር ርካሽ ይመስላል። አምና 80 ዶላር የነበረ አክሲዮን ዘንድሮ 35 ዶላር ሆኖ ሲታይ እጅ ለመግዛት ይቸኩላል። ቀን ሥራ ውሎ ማታ በራሱ ገንዘብ አክሲዮን የሚመርጥ ሰው ግን በዚህ ወቅት «ስንት ወረደ?» ከማለቱ በፊት «ይህ ኩባንያ ዕዳውን የሚከፍለው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ከታች ያለው አሠራር በሙሉ የሚዞረው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። ዓመታቱ፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ አንድ ልዩነት ይያዝልኝ። ገበያው በጠቅላላ ወድቆ እስካሁን ሳይነሳ የቀረበት ጊዜ የለም። ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለው የትልልቅ ኩባንያዎች ኢንዴክስ ከኦክቶበር 2007 እስከ ማርች 2009 ድረስ 57 በመቶ ገደማ ወርዶ በ2013 የቀድሞ ከፍታውን አለፈ። በ2020፣ በኮሮና ጊዜ፣ በአንድ ወር ገደማ 34 በመቶ ወርዶ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ተመለሰ። በ2022 ደግሞ 25 በመቶ ያህል ወርዶ በ2024 መጀመሪያ ላይ ወደ ነበረበት ደረሰ። ኢንዴክሱ የሚመለሰው ግን የደከሙትን እያስወጣ፣ የበረቱትን እያስገባ ነው። እናንተ የያዛችሁት የአንድ ኩባንያ አክሲዮን እንዲህ የሚተካለት የለም፤ ከወደቀ ወደቀ ነው። ለዚህ ነው እኔ ከገንዘቤ የሚበዛውን በኢንዴክስ ፈንድ የማኖረው፤ አንድ በአንድ የምመርጠው በተረፈው ብቻ ነው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ገንዘቡን ለዩ። ቢያንስ ለሦስት ዓመት የማትፈልጉት ይሁን። የቤት ኪራይ፣ ዕቁብ፣ በየወሩ አገር ቤት ለቤተሰብ የሚላከው ከዚህ ውስጥ አይገባም። ገበያ የሚወርድበትና ሥራ የሚጠፋበት ወቅት ብዙ ጊዜ አንድ ነውና። በኦክቶበር 2009 የአሜሪካ ሥራ አጥነት 10 በመቶ ሲደርስ አክሲዮኖች ገና ከሥር እየተነሱ ነበር፤ ያን ጊዜ ኪራይ ለመክፈል የሸጠ ሰው ደህና አድርጎ የመረጠውን ጭምር በማይሆን ዋጋ ለቀቀ። ከብሮከር ተበድሮ በማርጂን መግዛትማ ጨርሶ አይታሰብ። ዋጋው ሲወርድ ብሮከሩ ተጨማሪ ገንዘብ አምጡ ይላል፤ ሳያስጠነቅቃችሁም አክሲዮናችሁን መሸጥ ይችላል፤ የሚሸጠውም ዋጋው ከሁሉ በከፋበት ቀን ነው።

የስም ዝርዝር ማውጣቱ ቀላል ነው፤ ሥራቸውን የምታውቋቸው አሥር ያህል ኩባንያዎች ይበቃሉ። ሆስፒታል የሚሠራ ሰው የሕክምና ዕቃ አምራቾችን፣ ትራክ የሚነዳ ሰው የጭነት ድርጅቶችን ከማንም ተንታኝ በተሻለ ያውቃል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ቀጥሎ ባለው ደረጃ ላይ ነው፤ እኔንም ገንዘብ ያስወጣኝ እሱ ነውና አስረዝመዋለሁ።

ፎርድንና ጄኔራል ሞተርስን እንውሰድ። በ2008 መጨረሻ የሁለቱም መኪና ገዢ አጥቶ ነበር፤ የሁለቱም አክሲዮን ጥቂት ዶላር ብቻ ያወጣ ነበር። ፎርድማ በኖቬምበር ከ2 ዶላር በታች ወርዷል፤ ዋጋውን ብቻ ላየ ሰው ይበልጥ የታመመው እሱ ነው የሚመስለው። ልዩነቱ የተፈጠረው ግን ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። በ2006 መጨረሻ፣ ባንኮች ገና እጃቸውን ሳይሰበስቡ፣ ፎርድ ፋብሪካዎቹንና ያን ሰማያዊ የንግድ ምልክቱን ሳይቀር አስይዞ ከ23 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተበደረ። ዕዳው ከባድ ነበር። ይሁን እንጂ ከባንኮች የመጣው ገንዘብ የመክፈያ ቀኑ 2011 እና 2013 ነበር። በ2009 ማንም ለማንም በማያበድርበት ሰዓት ፎርድን ያን ብድር መልስ ብሎ የሚያስጨንቀው አልነበረም። ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ሳይሄድ አለፈ፤ በጃንዋሪ 2011 አክሲዮኑ ከ18 ዶላር በላይ ተሸጠ። ጄኔራል ሞተርስ ግን ጥሬ ገንዘቡ አልቆ የመንግሥትን እጅ አየ፤ ጁን 1 ቀን 2009 ኪሳራ አወጀ፤ የድሮዎቹ ባለአክሲዮኖች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በኖቬምበር 2010 በዚያው ስም ለገበያ የወጣው አዲስ ኩባንያ ነው፤ የድሮውን አክሲዮን ይዞ የጠበቀ ሰው ከአዲሱ ድርሻ አላገኘም።

እንግዲህ የምትፈልጉት የዕዳውን መጠን ብቻ ሳይሆን ቀኑን ነው። የአሜሪካ የሰነዶች ገበያ ተቆጣጣሪ ‹ኤድጋር› በሚባለው መዝገቡ የኩባንያዎችን ዓመታዊ ሪፖርት በነፃ ያስቀምጣል። ‹ቴን-ኬይ› የሚባለውን ክፈቱ። ከመቶ ገጽ በላይ ሊሆን ይችላል፤ አትደንግጡ፣ ከፊት ጀምራችሁም አታንብቡት። የፊተኛው ክፍል ኩባንያው ስለራሱ መናገር የሚወደው ነው። እኔ በቀጥታ ወደ ኋላ፣ ወደ ሒሳብ ማብራሪያዎቹ እሄድና ‹ማቹሪቲስ› የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አስፈልጋለሁ። በየዓመቱ የሚከፈለውን ዕዳ ለአምስት ዓመት ዘርዝሮ፣ የቀረውን «ከዚያ በኋላ» ብሎ የሚያስቀምጥ ትንሽ ሠንጠረዥ ይመጣል። ከሪፖርቱ አንድ ገጽ ብቻ አንብቡ ብባል የማነበው ያንን ነው።

እንዲህ እንበል። አንድ የችርቻሮ ኩባንያ 3 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ አለበት። ሠንጠረዡ ላይ ዘንድሮ 100 ሚሊዮን፣ በሚቀጥለው ዓመት 1 ቢሊዮን 200 ሚሊዮን ይከፈላል ይላል፤ የቀረው ሩቅ ነው። በእጁ 500 ሚሊዮን ጥሬ ገንዘብ አለው። ከሥራው በዓመት 350 ሚሊዮን ያገኛል፤ ለመደብሮቹ እድሳትና ለመሣሪያ 250 ሚሊዮን ስለሚያወጣ የሚተርፈው 100 ሚሊዮን ነው። በሁለት ዓመት 1 ቢሊዮን 300 ሚሊዮን ይጠበቅበታል፤ ያለውና የሚያገኘው ተደምሮ 700 ሚሊዮን ነው። 600 ሚሊዮን ይጎድለዋል፤ ያንን የሚሞላው ሰው አምኖ ካበደረው ብቻ ነው። ሽያጩ ደግሞ እየወረደ ነው። ይህ አክሲዮን 80 በመቶ ቢወርድም ርካሽ አይደለም። ያው 1 ቢሊዮን 200 ሚሊዮን ከስድስት ዓመት በኋላ የሚከፈል ቢሆን ኖሮ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ክፉውን ጊዜ የሚሻገርበት ፋታ አለው።

«ብድሩን በሌላ ብድር ይተካዋል» የሚል አይጠፋም። ሊተካው ይችላል፤ በስንት ወለድ የሚለውን አስሉ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 መጀመሪያ ዜሮ አጠገብ የነበረውን ወለድ በጁላይ 2023 ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ አድርሶታል። በ3 በመቶ የተወሰደ 2 ቢሊዮን ዶላር በዓመት 60 ሚሊዮን ወለድ ይከፈልበታል፤ በ8 በመቶ ሲታደስ 160 ሚሊዮን ይሆናል። ያ ተጨማሪ 100 ሚሊዮን ከባለአክሲዮኑ ኪስ ነው የሚወጣው። «ያልተነካ የባንክ ብድር ፈቃድ አለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁም ቆም በሉ፤ ፈቃዱ ትርፉ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ የሚቆለፍ መሆን አለመሆኑ እዚያው አካባቢ ተጽፏል። መጨረሻ ላይ ‹ሰብስታንሻል ዳውት› የሚለውን ሐረግ አስፈልጉ። ኩባንያው በሥራው መቀጠሉ በእጅጉ ያጠራጥራል ማለት ነው፤ ስለራሱ ብሎት ካገኛችሁ ፋይሉን ዝጉና ወደሚቀጥለው ስም እለፉ።

ኩባንያው ሳይሞት ባለአክሲዮኑ የሚጎዳበትም መንገድ አለ። ሲቲግሩፕ በ2008 መጀመሪያ 25 ዶላር አካባቢ ሲወርድ ከአምናው በግማሽ ዋጋ ተገኘ ብሎ የገዛ ብዙ ነበር። በማርች 2009 ከ1 ዶላር በታች ሆነ። ባንኩ ተረፈ፤ የተረፈው ግን አዳዲስ አክሲዮን በብዛት አውጥቶ፣ ለመንግሥትም ትልቅ ድርሻ ሰጥቶ ነው፤ የነባሩ ባለአክሲዮን ድርሻ ቀጠነ። በሜይ 2011 አሥሩን አክሲዮን ወደ አንድ አጠቃለሉት፤ በ25 ዶላር የገዛው ሰው በ250 ዶላር እንደገዛ ሆኖ ተቆጠረ። የባንክ ሒሳብ ከላይ ባልኩት መንገድ አይፈተሽም፤ ንብረቱ ራሱ ለሌላ ሰው ያበደረው ገንዘብ ነው፣ የሚመለሰውን ከማይመለሰው ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ገበያ ሲወርድ ባንክ አልገዛም።

«90 በመቶ ወርዷል፣ ከዚህ በኋላ የት ይወርዳል?» የሚለውን ንግግር ደግሞ ከራሳችሁ አውጡት። 100 ዶላር የነበረ አክሲዮን 80 በመቶ ወርዶ 20 ዶላር ይሆናል። ያን ጊዜ የገዛ ሰው ወደ 10 ዶላር ሲወርድ የገንዘቡን ግማሽ አጥቷል፤ «90 በመቶ ወረደ» የሚባለውም ይኸው ነው።

ዕዳውን ካለፉት ስሞች ውስጥ ዋጋ ማወዳደሩ ብዙ ጊዜ አይወስድም። አንድ ነገር ብቻ፦ ዋጋን ለትርፍ አካፍሎ «ርካሽ ነው» የሚለው ቁጥር አምና የተገኘውን ትርፍ ነው የሚይዘው። ብረት፣ መኪና፣ የቤት ግንባታ የመሳሰሉት ዘርፎች ደግሞ በጣም ርካሽ የሚመስሉት ትርፋቸው ጣሪያ ነክቶ ሊወርድ ሲል ነው። ክፉ ዓመት ያለበትን የአሥር ዓመት ትርፍ ደምራችሁ አማካዩን ውሰዱ።

ስለ ትርፍ ድርሻ ለእኛ ሰው ልዩ ማሳሰቢያ አለኝ። በአገራችን አክሲዮን ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የባንክ አክሲዮን ነው፤ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በ2017 ዓ.ም. ሥራ እስኪጀምር ድረስ መሸጫው አስቸጋሪ ስለነበር ሰው የሚገዛው በየዓመቱ ለሚከፈለው ድርሻ ነበር። ያ ልማድ እዚህ አሜሪካም ይከተለናል፤ 12 በመቶ ይከፍላል የተባለ አክሲዮን ይስበናል። ገበያ ሲወርድ 12 በመቶ የሚያሳየው ግን ዋጋው ስለወደቀ ነው፤ ሻጮቹ ክፍያው ይቆረጣል ብለው ጠብቀዋል፣ ብዙ ጊዜም ልክ ናቸው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ እንኳ በፌብሩዋሪ 2009 የሩብ ዓመቱን ክፍያ ከ31 ሳንቲም ወደ 10 ሳንቲም አውርዶታል፤ ከ1938 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ለድርሻ የሚከፈለው ገንዘብ ከሥራ ከሚተርፈው ጥሬ ገንዘብ ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጥ ከሆነ ክፍያውን እንደሌለ ቁጠሩት፤ ያለ እሱም ልትገዙት የምትፈልጉ ከሆነ ግዙ።

ሲገዛ አንድ ጊዜ አይገዛም። የወለሉን ቀን የሚያውቅ የለም። እኔ ለአንድ ስም የመደብኩትን ገንዘብ በአራት ከፍዬ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት በወጣ ቁጥር አንዱን እገዛለሁ። ዋጋውን ሳይሆን ሪፖርቱን ነው የምጠብቀው፤ ጥሬ ገንዘቡ ካሰብኩት በላይ ካልቀነሰ፣ አዲስ ዕዳም ካልመጣ ቀጣዩን እገዛለሁ፤ አለበለዚያ እዚያው አቆማለሁ። ለአንድ ኩባንያ ከጠቅላላ ቁጠባችሁ ከ5 በመቶ አትለፉ። ትእዛዙን ምንጊዜም የዋጋ ጣሪያ ወስናችሁ ስጡ፤ ጠዋት 9:30 የኒውዮርክ ገበያ እንደተከፈተ ዋጋው ስለሚዋዥቅ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ለሌላው ተዉለት።

በገዛችሁበት ቀን ማታ ሁለት መስመር ጻፉ፦ ለምን እንደገዛችሁና ምን ሲሆን እንደምትሸጡ። «ከ2 ዓመት በታች የሚከፈለው ዕዳ ከጥሬ ገንዘቡ ከበለጠ እሸጣለሁ» ዓይነት ነገር ይሁን። «20 በመቶ ከወረደ እሸጣለሁ» አትበሉ፤ በወራጅ ገበያ ደህና ኩባንያም 20 በመቶ ይወርዳል።

መሸጥ ግድ ሲሆን ግብሩን አስታውሱ። በኪሳራ ሸጣችሁ፣ ከሽያጩ በፊት ወይም በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ያንኑ አክሲዮን ከገዛችሁ የአሜሪካ ገቢ ሰብሳቢ ኪሳራውን ለጊዜው አይቀበላችሁም። በባል ሸጦ በሚስት ስም፣ ወይም በጡረታ አካውንት መግዛትም አያድንም፤ በጡረታ አካውንት ከተገዛማ ኪሳራው ጨርሶ ይቀራል። የተፈቀደው ኪሳራ ከሌላ የአክሲዮን ትርፍ ላይ ይቀነሳል፤ ከዚያ የተረፈው በዓመት እስከ 3,000 ዶላር ከደመወዝ ገቢ ላይ ይነሳል፣ ቀሪው ለሚመጣው ዓመት ይተላለፋል። ሰው ሳያስበው የሚያጠምደው የትርፍ ድርሻን በራሱ ጊዜ መልሶ አክሲዮን የሚገዛው የብሮከሩ ማስተካከያ ነው፤ የጥቂት ዶላርም ቢሆን በእነዚያ 30 ቀናት ውስጥ ከገዛ እንደ ግዢ ይቆጠራል። በኪሳራ ለመሸጥ ካሰባችሁ ከአንድ ወር በላይ አስቀድማችሁ አጥፉት፤ ከሸጣችሁም በኋላ 30 ቀን እስኪሞላ መልሳችሁ አታብሩት።