ምዕራፍ 7፦ ስትሪንግ ሁሉ አንድ አይደለም

አንድ የጃቫ ፕሮግራም ወደ ጎ ሊያሸጋግሩ ተቀምጠዋል እንበል። ጃቫ ውስጥ ስትሪንግ አለ፤ ጎ ውስጥም አለ። ብዙ ሰው ስሙን አይቶ አንዱን በሌላው ይተካና ያልፋል። ኮዱ ኮምፓይል ይሆናል፤ የሙከራ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ከሆነ ውጤቱም ልክ ነው። ጉዱ የሚወጣው አማርኛ ሲገባበት ነው።

«ሰላም» ስንት ነው? ጃቫ 3 ይላል፣ ጎ 9። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ጃቫ የዩቲኤፍ-16 አሃዶችን ይቆጥራል፤ የአማርኛ ፊደል አንድ አሃድ ይበቃዋል። ጎ ባይት ይቆጥራል፤ በዩቲኤፍ-8 ደግሞ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። እንግዲህ ስምን 10 ላይ የሚቆርጥ መስመር እንዳለ ቢገለበጥ፣ ጃቫ ሳይነካው ያለፈው «ወልደጊዮርጊስ» ጎ ውስጥ «ወልደ» እና የአንድ ፊደል ስባሪ ሆኖ ይቀራል። ስክሪን ላይ መጨረሻው ብዙውን ጊዜ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ ነው። መድኃኒቱ ከመቁረጥ በፊት ጽሑፉን ወደ ሩን ስላይስ መቀየር ነው።

ጃቫም ቢሆን ፊደል ቆጣሪ አይደለም። ዩኒኮድ 14 በ2021 እ.ኤ.አ. ለጉራጊኛ የጨመራቸው ፊደላት ከመጀመሪያዎቹ 65,536 ቦታዎች ውጭ ስለሰፈሩ፣ እያንዳንዱን 2 ይለዋል። ፓይተን 3 ግን 1።

ስለዚህ አቻ ከመፈለግዎ በፊት አሮጌው ኮድ ጽሑፉን ምን እንደሚያደርገው ይመልከቱ። የሲ ቻር ድርድር ሰው የሚያነበውን ጽሑፍም፣ ከኔትወርክ የመጣ ጥሬ ባይትም ይይዛል። ፓይተን 3 ሁለቱን ለይቷቸዋል፦ ኤስቲአር እና ባይትስ። ከፓይተን 2 ለሚሻገሩት ይህ መለያየት ብዙ ምሬት አምጥቷል፤ እኔ ግን ትክክለኛ ውሳኔ ነበር ባይ ነኝ። የምስል ፋይል ኤስቲአር ውስጥ የሚከት ሰው ችግሩን ለነገ እያስቀመጠ ነው።

የሲ ድርድር ባለበት ይታረማል፤ የጃቫ፣ የፓይተንና የጎ ስትሪንግ ግን አንዴ ከተፈጠረ አይነካም። በዙር ውስጥ ጽሑፍ የሚገነባ ኮድ ወደ ጃቫ ሲሄድ ስትሪንግ ቢልደር ይፈልጋል።

ከፓይተን ወደ ጃቫ ሲሻገሩ ድርብ እኩል ምልክቱን ይጠንቀቁት። ፓይተን በእሱ ይዘት ያወዳድራል፤ ጃቫ ደግሞ ሁለቱ አንድ ዕቃ መሆናቸውን ይጠይቃል። ይዘት የሚያወዳድረው ኢኳልስ ነው። ጃቫ ኮዱ ውስጥ በቀጥታ የተጻፉ ተመሳሳይ ቃላትን በጋራ ስለሚያስቀምጥ ስሕተቱ በሙከራ ጊዜ ይደበቃል፤ ተጠቃሚው ስሙን ሲያስገባ ብቻ ይወጣል።