በሐሩር ወራት ለወፎች ውኃ ስለ ማስቀመጥ



የድሬዳዋን የግንቦትና የሰኔ ፀሐይ ለምታውቁ ሁሉ ስለ ሙቀት ማስረዳት አያስፈልገንም። በጥላ ሥር እንኳ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። እኛ በዚያን ሰዓት ሽርጣችንን አገልድመን በቤት ውስጥ እንጋደማለን። ደቻቱ ግን ጎርፍ ካልወረደበት በቀር አሸዋ ብቻ ነው፤ ታዲያ በዛፍ ላይ ያለችው ዋኔ ለመጠጣት ወዴት ትሂድ? ይህን ጥያቄ ያነሣነው ባለፈው ዓመት አንዲት ዋኔ በግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር ወድቃ ባገኘናት ጊዜ ነው።

ታሪኩ እኛን የሚያስመሰግን አይደለም። ዋኔዋ አፏን ከፍታ ታለከልክ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ያዛት፤ ሌላው ምንቃሯን ፈልቅቆ በጠርሙስ ክዳን ውኃ አፈሰሰባት። ወዲያው ተንፈራግጣ በእጃችን ላይ ሞተች። ጥሙ የገደላት መስሎን ነበር። በኋላ የእንስሳት ሕክምና የተማረ አንድ ወንድም ስንጠይቅ ግን የወፍ የአየር ቧንቧ መግቢያ ከምላሷ ሥር መሆኑን፣ በግድ የተጨመረ ውኃም ወደ ሳንባዋ ሊገባ እንደሚችል ነገረን። እንግዲህ በርኅራኄ ተነሥተን የገደልናት እኛው ሳንሆን አንቀርም።

ወፍ ላብ አታልብም። የሰውነቷ ሙቀት በደኅናውም ቀን 41 ዲግሪ ገደማ ነው። ሐሩሩ ሲበረታባት ክንፏን ከጎኗ ታርቃለች፤ በማለክለክም እርጥበትን ከትንፋሿ ጋር እያወጣች ትቀዘቅዛለች። ይሁን እንጂ ያወጣችውን ውኃ መተካት ይኖርባታል። ትል ወይም ሌላ ነፍሳት የሚበሉ ወፎች ከምግባቸው እርጥበት ያገኛሉ፤ እንደ ዋኔና እንደ ድንቢጥ ያሉት ደረቅ ጥሬ ለቃሚዎች ግን በየቀኑ ሳይጠጡ መዋል ይከብዳቸዋል። ስለዚህ የሚጠቅመው ርዳታ ወፏ ከመውደቋ በፊት የሚደረገው ነው።

ይህን ከተረዳን በኋላ የሸክላ ሳህን በጥላ ሥር አኖርን። ቆርቆሮ ይግላልና አይሆንም። ጥልቀቱ ከሁለት ጣት ስፋት አይበልጥም፤ ትናንሾቹ እንዳይሰጥሙም በመካከሉ ድንጋይ አደረግንበት። ድመት አድብታ እንዳትይዛቸው ከቁጥቋጦው ራቅ አድርገን ከፍ ባለ ግንድ ላይ አስቀመጥነው።

በዚህ ጊዜ አንዲት እናት ተቆጡን። «ልጆቼ፣ ውኃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ለወፍ ታፈስሳላችሁ? ደግሞስ ቢንቢ ልትጠሩብን ነው?» አሉን። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ነበረን፤ ለቀኑ አንድ ጣሳ ይበቃል፣ ሰላጣና ድንች የታጠበበት ሳሙና ያልነካው ውኃም ይሆናል። በሁለተኛው ግን እውነቱ ከእርሳቸው ጋር ነበር። በከተማችን እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት፣ በ2019 ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ገብቶ ስንቱን አልጋ ላይ እንደ ጣለ እናስታውሳለን። እነዚህን በሽታዎች የምታስተላልፈው ቢንቢ የምትራባው በየቤቱ በርሜል፣ በአሮጌ ጎማና በመሳሰለው ዕቃ ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ነው። እንቁላሏን ከዕቃው ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፤ እንቁላሉም ደርቆ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ውኃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ ሳህኑን በየማለዳው በብሩሽ ፈትጎ አዲስ ውኃ መሙላት ያስፈልጋል። እንቁላሉ የሚበር ቢንቢ እስኪሆን ቢያንስ አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ፣ በየቀኑ የሚፈተግ ሳህን አያፈራም። ፈታጊ የሌለው ሳህን ግን ባይቀመጥ ይሻላል። ይህን የምንለው በፈተና ወራት እኛም ለሁለት ቀን ዘንግተነው ስለ ነበር ነው።

የወደቀች ወፍ ስናገኝ አሁን የምናደርገው ጥቂት ነው። ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ አስገብተን ጸጥ ባለ ጥላ እናኖራታለን፤ በአጠገቧ በክዳን ውኃ እናስቀምጣለን፤ ምንቃሯን አንነካም። ካገገመች ፀሐዩ ሲበርድ ባገኘንበት ቦታ እንለቃታለን። እ.ኤ.አ. በ2024 በሜክሲኮ አገር በታባስኮ ጦጣዎች ከሙቀቱ የተነሣ ከዛፍ እየወደቁ በሞቱ ጊዜ፣ ከተረፉት ጥቂቶቹን ሰዎች ወደ እንስሳት ሐኪም ወስደዋቸው ሐኪሙ እጅና እግራቸውን በበረዶ አቀዝቅዞ በደም ሥር ፈሳሽ ሰጣቸው። ይህ የሐኪም ሥራ ነው። የሌሊት ወፍ፣ ጦጣና ቀበሮ ግን ቢያሳዝኑም በእጅ አይነኩም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርባቸው ይችላልና።

በከተማው ዙሪያ ያሉት ዝንጀሮዎች ደግሞ ወንዙ ሲደርቅ አሸዋውን በእጃቸው ቆፍረው ውኃ ያወጣሉ። ለእነርሱ የሚሻለው ጉድጓዳቸውን አለመርገጥና ዳቦ አለመወርወር ነው፤ ዳቦ የለመደ ዝንጀሮ ነገ ቤት ሰብሮ ይገባል፣ ከዚያም በድንጋይ ይባረራል።

የተቆጡን እናት ዘንድሮ ብሩሹን ከእጃችን ወስደዋል። በየማለዳው ሳህኑን ፈትገው ሲሞሉ ዋኔዎቹ ከኒሙ ይወርዳሉ። ድንቢጥ ጎንጭታ አንገቷን ወደ ላይ ታቀናለች፤ ዋኔ ግን ምንቃሯን ነክራ ቀና ሳትል ትስባለች። እርሳቸውም በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው «ቀስ በይ እንጂ» ይሏታል።