ሰልፍ ልትወጪ ላሰብሽው ልጄ

ልጄ፣ ሰልፍ ልትወጪ ማሰብሽን ሰምቻለሁ። እንድከለክልሽ የለመነችኝ እናትሽ ናት፤ እኔ ግን አልከለክልሽም። እኛንም ወላጆቻችን «ጎመን በጤና» እያሉ ሊያስቀሩን ሞክረው አልቻሉም። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ወጣት ሆኜ ያየሁትን ልንገርሽ፤ ከዚያ በኋላ ውሳኔው ያንቺ ነው።

1. ከሁሉ በፊት የሰው ስም ጠብቂ።

በመጋቢት 1969 ደርግ አዲስ አበባን ቤት ለቤት ሲያስስ የሚፈለገው መሣሪያ ብቻ አልነበረም። በራሪ ወረቀት፣ ደርግን በኅቡዕ ይታገል የነበረው የኢሕአፓ ልሳን «ዴሞክራሲያ»፣ ስም የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ለሞት ያበቃ ነበር። በኅቡዕ የሚንቀሳቀሱት ወጣቶች በትንንሽ ሴል ተከፋፍለው በኅቡዕ ስም ብቻ የሚጠራሩት ለዚህ ነበር፤ ሰው የማያውቀውን ስም ቢገረፍም ሊያወጣ አይችልም። ወፌ ላላ ተሰቅሎ የተናገረን ሰው ከቶ አትናቂ። ይልቅ ማንንም ለዚያ ፈተና የሚዳርግ ነገር በእጅሽ እንዳይገኝ ተጠንቀቂ።

ዛሬ ያ ብጣሽ ወረቀት ስልክሽ ነው። ኬላ ላይ ስልክሽን ተቀብሎ የሚፈትሽ ሰው የጓደኞችሽን ስም፣ ቁጥርና ፎቶ፣ የተጻጻፋችሁትንም ሁሉ አብሮ ያገኛል። ሰልፍ በምትወጪበት ቀን ስልክሽን ቤት ተይው። የሰው ፊት የሚታይበትን ፎቶ ለማንም አትላኪ። ዋሽንግተን ያለው አጎትሽ በቅን ልብ «ቶሎ ላኪልኝ፣ ዓለም ይየው» ይልሻል። እሱ ለጥፎ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ የሚፈለገው ግን ፎቶው ላይ ያለው ልጅ ነው። ይህን ለእሱም እነግረዋለሁ።

2. በቴክኖሎጂ ተማምነሽ አትዘናጊ።

ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተቃውሞ ሲነሣ የሞባይል አጭር መልእክት ሁለት ዓመት ገደማ ተዘግቶ ቆይቷል። በሚያዝያ 2006 በታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ክስ ውስጥ ደግሞ መልእክትን በኢንተርኔት መመስጠር የሚያስተምር ሥልጠና መውሰዳቸው ተጠቅሶባቸዋል። ጥበቡን ተማሪ፤ ሊነገር የማይገባውን ግን የትኛውም አፕሊኬሽን ላይ አትጻፊው። ሆድ ይፍጀው።

3. ማን እንደጠራሽና ማን አብሮሽ እንደሚወጣ ጠይቂ።

በየካቲት 1966 የታክሲ ነጂዎች የቤንዚን ዋጋ ተወደደ ብለው ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም አዲሱን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው ማስተማር ተዉ። ተማሪው ተጨመረ፣ ወታደሩም በየጦር ሰፈሩ አመፀ። ንጉሡ የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሱ፣ ዕቅዱም ቀረ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀው ከተማውን ሲሞሉት ክርስቲያኖች አብረዋቸው ወጡ። እንዲያ ባለ ቀን አንድ ሰው ለብቻው ተለይቶ አይመታም።

ሚያዝያ 21 ቀን 1969፣ ሜይ ዴይ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው የወጡት ግን ከሞላ ጎደል ልጆች ብቻ ነበሩ። ሠራተኛው ፈርቷል፣ ወላጅ በሩን ዘግቷል፣ አብዮት ጥበቃው ታጥቋል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተገደሉ፤ ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። እስከ ዛሬ ሳስበው ሆዴ ይላወሳል። ልጆችን አስቀድሞ ራሱ የሚቀር መሪ ካየሽ፣ ዓላማው ምንም ያህል የተቀደሰ ቢሆን አትከተይው።

4. ጠብመንጃ ከሚሰጥሽ ራቂ።

በመስከረም 1969 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ለመግደል ተሞከረ፤ በዚያው ወር የኢሕአፓ ተቀናቃኝ የነበረው የመኢሶን አባል ዶክተር ፍቅሬ መርዕድ ተገደሉ። ደርግ ከዚያ በፊትም ገዳይ ነበር፤ በኅዳር 1967 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሽኗል። የተቃዋሚዎቹ የከተማ ግድያ ግን ለቀይ ሽብር የሚፈልገውን ሰበብ ሰጠው። መንግሥቱ ሚያዝያ 9 ቀን 1969 በአብዮት አደባባይ ደም የሚመስል ነገር የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሲሰብር «እነሱ ጀመሩት» የሚለው ነገር ነበረው። በጥይት የጀመሩት ጥቂቶች ነበሩ፤ ዋጋውን የከፈሉት ተኩሰው የማያውቁ ታናናሾቻቸው ናቸው። የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦች ነበሩ።

5. ጠቋሚ አትሁኚ።

ቀበሌ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲቋቋም የድሃው ሕዝብ የራሱ አስተዳደር ይሆናል ተብሎ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው መግረፊያ ሆነ። ያሳደደም አልተረፈም፤ መኢሶን ለደርግ «ሒሳዊ ድጋፍ» ሰጥቶ ኢሕአፓን ሲያሳድድ ቆየና በነሐሴ 1969 ራሱ ኅቡዕ ገባ፤ መሪው ኃይሌ ፊዳ ተይዘው ተገደሉ።

ራስሽን ለማዳን ዝም ብትዪ መብትሽ ነው። ተገደሽ ስብሰባ ላይ ብታጨበጭቢም አልፈርድብሽም። የሌላ ሰው ስም መስጠት ግን ይቅርታ የለውም፤ ነገ የአንቺ ወገን ሥልጣን ቢይዝም ይኸው ነው።

6. ኑሮሽን አትለውጪ።

ዕድር ሂጂ፣ ጎረቤት ቡና ሲጠራሽ ጠጪ፣ ሰላምታ አትከልክዪ። ሁሉን ሰው ጆሮ ጠቢ አድርገሽ ካየሽ ብቻሽን ትቀሪያለሽ፤ ብቻውን የቀረን ሰው መያዝ ደግሞ ቀላል ነው።

7. ያየሽውን አትርሺ።

ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንዳዘዘ በልብሽ ያዢ። ደርግ የግድያ ትእዛዞቹን ሳይቀር በወረቀት አስቀምጦ ነበር፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ እነዚያን ሰነዶች ከምስክሮች ቃል ጋር አቀረባቸው። መንግሥቱ በሌለበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ የተባለው በታኅሣሥ 1999 ነው፣ ከቀይ ሽብር 30 ዓመት በኋላ። እስከዚያ ቀን ያየውን ይዞ የቆየ ሰው ባይኖር ኖሮ ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም ነበር።

8. ለታሳሪ ቤተሰብ ድረሺ።

ሰልፍ መውጣት የማትችይበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜም የሚሠራ አለ። በቀይ ሽብር ዘመን እናቶች በየከፍተኛው እስር ቤትና በከርቸሌ በር ላይ ስንቅ ይዘው ይሰለፉ ነበር። ስንቁ ከተመለሰ፣ ወይም «ልብሱን ውሰጂ» ከተባሉ፣ ልጃቸው መሞቱን ያውቃሉ። ለቅሶ መቀመጥ እንኳ የተከለከሉ ነበሩ። ጎረቤቱም ፈርቶ በራቸውን እያለፈ ይሄድ ነበር፤ ከግድያው ቀጥሎ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በሠፈርሽ የታሰረ ሰው ያለበት ቤት ካለ ሂጂና አንኳኪ። እንጀራ ይዘሽ ግቢ፤ ልጆች ካሉም ከጓደኞችሽ ጋር አዋጥታችሁ የትምህርት ቤት ክፍያቸውን ክፈሉላቸው።