የሱባ ደንና ጎረቤቱ መንደር

የሥነ ሕይወት አስተማሪያችን በክፍል ያስተማሩንን በዓይናችን እንድንመለከት በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ወሰዱን። እኔም ያየሁትንና የተማርሁትን ለመጽሔታችን አንባቢዎች እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ከልደታ ጧት በ12 ሰዓት ተነሥተን በአየር ጤናና በዓለም ገና በኩል ሰበታ ደረስን። ከዚያም አስፋልቱን ትተን በኮረኮንች መንገድ ወደ ወጨጫ ተራራ ወጣን። የተራራው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 3,385 ሜትር ከፍታ አለው። ሰው ወደ ላይ በወጣ ቍጥር ብርዱ ይጨምራል፤ ዛፉም ይለወጣል። ከታች ጥድ፥ ወይራና ዝግባ ይበዛሉ፤ ከፍ ሲል ኮሶ ይታያል፤ ወደ ጫፉ ግን አስታና ጅባራ ናቸው። መንገድ የመሩን የመንደሩ ሽማግሌ የዛፎቹን ስም በኦሮምኛ አስጠኑን፤ ጥድ ጋቲራ፥ ዝግባ ቢርቢርሳ፥ ወይራ ኤጄርሳ፥ ኮሶ ሄጦ ይባላል። ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘሉ አየን። አንድ የምኒልክ ድኩላም ብቅ ብሎ ወዲያው ተሰወረ።

ይህ ደን እንዲያው በዕድል የቀረ አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። በኋላም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እንዲጠበቅ ተደርጓል። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ በዙሪያዋ የነበረውን እንጨት ፈጅታ ስለ ነበር፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከተማችንን ከመለቀቅ ያዳናት በ1880ዎቹ ዓመታት ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው።

ከደኑ ስንወጣ ሽማግሌው ወደ መንደራቸው ወሰዱን። በየቤቱ አጠገብ ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ቆሎ እየበላን ሳለን እኒሁ አባት፥ «ልጆቼ፥ እናንተ ቤት ወጥ በምን ይሠራል?» ሲሉ ጠየቁን። እኔም፥ «አባቴ፥ እንጀራው በኤሌክትሪክ ይጋገራል፤ ወጡና ቡናው ግን በከሰል ነው» አልኋቸው። «ከሰሉስ ከየት ይመጣል?» አሉኝ። አንዱ ጓደኛችን፥ «ከሱቅ!» ቢል ሁላችንም ሣቅን። እርሳቸው ግን አልሣቁም።

«ባሕር ዛፍ ቢቈረጥ ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ ልጅ ሆኜ የተከልሁትን ብዙ ጊዜ ቈርጨዋለሁ። ጥድ ግን አንድ ጊዜ ከተቈረጠ ጉቶው አያቈጠቍጥም። እኛ ለምድጃችን የየጓሮአችን ባሕር ዛፍ ይበቃናል። ችግር ሲጠና ግን የሰው ዓይን ወደ ደኑ ይሄዳል። ገዢ ባይኖር መጥረቢያው ከቤት አይወጣም ነበር» አሉን።

ይህ ቃል እስከ ልደታ ድረስ ተከተለኝ። በእርግጥ እኛ የምንገዛው ከሰል ከሱባ ይመጣል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ከአንድ ቦታ፥ ከአንድ ዛፍ መምጣቱ አይቀርም። አስተማሪያችን እንደ ገለጡልን፥ እንጨት በአፈር ተከምሮ በልማድ ሲከሰል አብዛኛው በጢስና በሙቀት ስለሚባክን፥ ለ1 ኪሎ ከሰል ከ5 ኪሎ የማያንስ እንጨት ያስፈልጋል። ደን ሲጠፋ ደግሞ አፈሩን የሚይዘው ሥር ይጠፋል፤ ዝናቡ ወደ ምድር ከመስረግ ይልቅ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል። ከወጨጫ የሚወርዱት ጅረቶች ወደ አዋሽ ስለሚገቡ፥ ጉዳቱ ከመንደሩ አልፎ በሩቅ ላለው ሰውም ይደርሳል።

ማታ ያየሁትን ሁሉ ለእናቴ ነገርኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ባቄላና ሽምብራ ከመቀቀላቸው በፊት ሌሊቱን በውኃ ይዘፈዘፋሉ፤ ድስቱ ይከደናል፤ ወጡ እንደ ወረደም የተረፈው ፍም ታፍኖ ለማግሥቱ ይቀመጣል። እናቴ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ከቀድሞው ይልቅ እንደሚቈይላት ትናገራለች።

ውድ አንባቢዎች፥ ደን ጠባቂው በተራራው ላይ ያለው ሰው ብቻ አይደለም። በከተማ ምድጃ የሚያነድም ሁሉ ወይ ጠባቂው፥ ወይ ቈራጩ ነው። ሽማግሌው ለጠየቁኝ ጥያቄ ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። እናንተም ዛሬ ማታ ምድጃችሁ ሲነድ ያንኑ ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ።