ሞዴሉን ቅርጽ ሳይሆን ኮድ አስጽፉት

ቻትጂፒቲን የመደርደሪያ ብራኬት እንዲነድፍ ስታዙት የስሪዲ ፋይል ሳይሆን የኦፕንስካድ ኮድ ጠይቁት። ኦፕንስካድ ቅርጽን በኮድ የሚሠራ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ውፍረቱና የብሎን ቀዳዳው ቫሪያብል ስለሆኑ አንድ ቁጥር ቀይራችሁ ንድፉን ሁሉ ታድሳላችሁ። የኤስቲኤል ፋይል ግን የሦስት ማዕዘኖች ክምር ነው፤ ሚሊሜትር ይሁን ኢንች እንኳ አይናገርም።

ጥንካሬውን ግን ለሞዴሉ አልተውም። ቁስ ለመቆጠብ ብሎ የብራኬቱን ክንድ ከ6 ወደ 3 ሚሊሜትር ቢያሳሳው ኮዱ ያለ ኤረር ይሠራል፣ ምስሉም ያምራል። በዚያው ጭነት ግን ክንዱ 8 እጥፍ ይጎብጣል፤ መጉበጥ ከውፍረቱ ኪዩብ ጋር በተቃራኒ ነውና። ስለዚህ ስሌቱን በአጭር የፓይተን ፋንክሽን ራሴ እጽፋለሁ። ከገደቡ ያለፈ ንድፍ፣ ያለፈበት ቁጥር ተጽፎበት ወደ ሞዴሉ ይመለሳል።